የካርዱ ጀርባ

እትዬ ብሩሽ የወጣላቸው ስም ነው። እናት አባታቸው የሰጧቸውን ስም ባለቤታቸውና ደመወዝ ከፋዩ ሳያውቁት አይቀሩም፤ የቀረው ሰው ግን፣ ከመደብሩ ዘበኛ እስከ ጎረቤት ሕፃን፣ እትዬ ብሩሽ ብሎ ነው የሚጠራቸው። እሳቸውም አቤት ይላሉ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ የዋጋ ካርድ ሲጽፉ ኖረዋል። መደብሩ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ የድስቱም፣ የፍራሹም፣ የካውያውም፣ የስፌት መኪናውም ዋጋ በእሳቸው እጅ የተጻፈ ነው። ይኼ ደግሞ ምን የሚወራለት ሥራ ነው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዛ እል ነበር፤ ሴትዮዋን ካወቅሁ በኋላ ግን አፌን ይዣለሁ።

የሥራ ክፍላቸው ደረጃው ሥር ናት። ጣሪያዋ ከደረጃው ጋር አብሮ ስለሚወርድ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ የገባ ሰው ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ማጎንበስ አለበት። እሳቸው በሃያ ሰባት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ተመትተው አያውቁም፤ ሊያነጋግራቸው የገባ ሁሉ ግን ግንባሩን እያሻሸ ነው የሚወጣው። ጠረጴዛው ላይ ጥቁርና ቀይ ቀለም በብርጭቆ፣ ብሩሾች በጣሳ፣ አንድ የእንጨት ማስመሪያና በልክ የተቆረጠ ነጭ ካርቶን አለ። ግድግዳውን ይዞ ደግሞ አርባ መሳቢያ ያለው ቁም ሣጥን ቆሟል።

መሳቢያዎቹን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከእነሱ ነው። የአንድ ዕቃ ዋጋ ሲለወጥ የድሮው ካርድ አይጣልም። ወደ እትዬ ብሩሽ ይወርዳል፤ እሳቸውም የተሰቀለበትንና የወረደበትን ቀን ጥጉ ላይ በእርሳስ ይጽፉና የድስቱን ድስት መሳቢያ፣ የፍራሹን ፍራሽ መሳቢያ ይከቱታል። ማንም አላዘዛቸውም። መደብሩን የመሠረቱት ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ፣ ይኼን ሁሉ ካርቶን ምን ልታደርጊው ነው እያሉ ይስቁባቸው ነበር። የእትዬ ብሩሽ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በእጄ የጻፍኩትን ነገር እንዴት አድርጌ እጥላለሁ ይላሉ።

እጃቸው ደግሞ ምን ዓይነት እጅ መሰላችሁ። ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ ቁጥሩ ሙሉ፣ ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው አንድም የማይዛነፍ። ሽማግሌው በካርዱ ላይ ከተጻፈው አንድ ሳንቲም አይጨምሩም አይቀንሱም ነበር፤ ስለዚህ ሰዉ ቀስ በቀስ ጽሑፉን ራሱን ማመን ጀመረ። ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ዕቃ ዋጋ ሲከራከሩ አንደኛዋ «በእትዬ ብሩሽ እጅ ተጽፎ አይቻለሁ» ካለች ክርክሩ እዛው ላይ ያበቃል። እትዬ ብሩሽ ይኼን ሲሰሙ ምንም እንዳልመሰላቸው ሆነው ያልፋሉ፤ ቤት ሲገቡ ግን ለባለቤታቸው ሳያወሩት አያድሩም።

ሽማግሌው ሲሞቱ ልጃቸው ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ሰላምታው የተሟላ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ሠራተኛ የማይሰድብ ሰው ነው። ግን የሽያጭ ትምህርት የሚሉትን ነገር ተምሮ መጣና ካርዱን ሁሉ አስጮኸው። «እስከ ሃምሳ በመቶ ቅናሽ» ተብሎ ይጻፍ ይላል፤ ሃምሳው ክንድ የሚያህል፣ «እስከ» የምትለዋ ግን ጉንዳን የምታህል። እትዬ ብሩሽ ለእሷ ብቻ ብለው ከብሩሾቻቸው ሁሉ ቀጭኑን ለይተው አስቀመጡ። መስኮቱ ላይ ደግሞ «ዛሬ ብቻ» የሚል ትልቅ ካርቶን አሰቀለ፤ ያ «ዛሬ ብቻ» ክረምቱን ተሻግሮ፣ ፀሐይ በልቶት፣ ቀለሙ ለቆ ሁለት ጊዜ እንደገና ተጽፏል። ገንዘብ ተቀባይዋ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ስትባል፣ የውጪውን ነው የመስኮቱን እያለች ሰው ታስቅ ነበር። ካርዶቹንም ከሩቅ ይታዩ ብሎ ከመደርደሪያው አስነቅሎ ከጣሪያው በክር አንጠለጠላቸው።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ የዋጋ ዝርዝር ላከላቸው። በፊት ሲመጣ የነበረው ዝርዝር የዕቃው ስምና አንድ ዋጋ ብቻ ነበር፤ ይኼኛው ሁለት ዋጋ ነበረው፣ «የበፊቱ» እና «የአሁኑ»። የበፊቱ በቀይ ተሰርዞ የአሁኑ በጥቁር ይጻፍ ተባለ። እትዬ ብሩሽ ጻፉ። እዚህ ላይ ያጠፉትን ጥፋት የሚያጠፋው የእሳቸው ሙያ ሰው ብቻ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ቁጥር የጻፈ ሰው ቁጥሩን አያነበውም። ለእሳቸው ዘጠኝ ማለት ሆዷ ሞላ ያለች፣ ጭራዋ የምታምር ቅርጽ ናት እንጂ የሰው ገንዘብ አይደለችም። የስፌት መኪናውን ካርድ «የበፊቱ 14,000፣ የአሁኑ 9,500፣ ለሦስት ቀን ብቻ» ብለው ሲጽፉ ያሰቡት የዜሮዎቹን ክብነት ነበር።

በሳምንቱ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ በራቸውን አንኳኳች። ቤቷ ውስጥ በአሮጌ መኪና የሰው ልብስ እየጠገነች ሁለት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት፤ አዲስ መኪና ለመግዛት ሁለት ዓመት ስታጠራቅም ኖራለች። ልታመሰግን ነበር የመጣችው። ካርዱን እንዳየች ሦስት ቀን ሳያልፍብኝ ብላ አሮጌውን መኪናዋን ለመጀመሪያው ጠያቂ በርካሽ ሸጠችው፤ የጎደላትንም ሞልታ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ከፍላ ገዛች። አራት ሺህ አምስት መቶ አተረፍኩ ብላ ፊቷ እየበራ እትዬ ብሩሽን ጉልበታቸውን ልትስም ደረሰች። ባይጽፉት ኖሮ አላምንም ነበር፣ የእርስዎን እጅ ሳይ ግን ዓይኔን አላሸሁም አለቻቸው።

እትዬ ብሩሽ ያን ሌሊት፣ አሥራ አራት ሺህ ብዬ መቼ ጽፌ አውቃለሁ እያሉ፣ እንቅልፍ ባይናቸው አልዞረም። ጠዋት መደብሩ ሲከፈት ኮታቸውን ሳያወልቁ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ሳቡ። ከላይ የነበረው ካርድ ቅናሹ ከመጀመሩ ከሁለት ቀን በፊት የወረደ ነው፤ በገዛ እጃቸው 9,200 ይላል። ከሥሩ ያለው 8,900 ይላል። አሥራ አራት ሺህ የሚል ካርድ ከታች እስከ ላይ ቢፈልጉ የለም። ልብስ ሰፊዋ አተረፍኩ ያለችው ሦስት መቶ ጨምራ በመክፈሏ ነው። ሌሎቹንም መሳቢያዎች አንድ በአንድ አዩ፤ ድስቱም፣ ፍራሹም፣ ካውያውም ያው ነው። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን አዩት፤ እንደ ሌላ ሰው እጅ ሆነባቸው።

ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ልብስ ሰፊዋም ደስ እንዳላት ትኖራለች። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ ብዙዎቻችሁም እንደዛው፣ አትዋሹኝ። እትዬ ብሩሽ ግን ማታ ከሥራ ሲወጡ ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ እሷ ቤት ገቡ። ሁለቱንም ካርድ፣ መሳቢያ ውስጥ የነበረውንም የቅናሹንም፣ አዲሱ መኪና ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው የሆነውን ሁሉ ነገሯት። ሳላነብ ጻፍኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው አሏት።

ልብስ ሰፊዋ አልጮኸችም። ሁለቱን ካርዶች አንድ በአንድ አንስታ አነበበችና ቀስ ብላ ተናገረች።

«የመደብሩን ሰው አምኜ ቢሆን ጥፋቱ የራሴ ነበር፣ እትዬ። እኔ ያመንኩት ግን እርስዎን ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ሰፊዋ ሰላምታዋን አልነሳቻቸውም፤ ግን ከሩቅ ሆነ። ድሮ ደጃፋቸው ላይ ቆማ ግማሽ ሰዓት የምታወራ ሴት አሁን እጇን ከፍ አድርጋ ታልፋለች። እትዬ ብሩሽን ይኼ አንጀታቸውን በላው። ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄደው ነገሩን ሲያነሱ ተቀመጡ ብሎ፣ ሻይ አስመጥቶ፣ የበፊቱ ዋጋ ማለት ዕቃው ሊሸጥበት ይችል የነበረው ዋጋ ማለት ነው፣ ሁሉም መደብር እንደዚህ ነው የሚያደርገው ብሎ አስረዳቸው። ሻዩን ጠጥተው ወጡ። ለባለቤታቸው ሲነግሯቸው፣ ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸውና፣ ለጡረታሽ የቀረው ሁለት ዓመት ነው፣ ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ፌርማታ ነው፣ ወንበርሽን ይዘሽ ዝም ብለሽ ተቀመጪ አሏቸው።

ቀጥሎ የመደብሩ ሠላሳኛ ዓመት ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ከሦስቱም ፎቅ ዕቃ ላይ ታላቅ ቅናሽ ይደረጋል አለና አራት መቶ ካርድ አዘዘ። ዝርዝሩ ሲመጣ እትዬ ብሩሽ በዚህኛው ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ያው ነው፤ የበፊቱ ተብሎ የተጻፈው ዋጋ በፊት ኖሮ የማያውቅ ዋጋ ነው። በዚያ ላይ ካርቶን አልቋል፤ የካርቶን ዋጋ ደግሞ ጣሪያ ነክቷል። ሥራ አስኪያጁ ለሽያጭ እንጂ ለካርቶን ገንዘብ ማውጣት የሚያመው ሰው ስለሆነ መፍትሔው ወዲያው ታየው።

«መሳቢያው ሙሉ ካርድ አይደል እንዴ፣ እትዬ? ጀርባው ንጹሕ ነው፤ እሱ ላይ ይጻፉ።»

«ፊቱ ላይ የድሮው ዋጋ አለበት» አሉት።

«ታዲያ ማን ገልብጦ ያየዋል?»

«በክር ነው ያንጠለጠልከው፣ የኔ ልጅ። ይዞራል።»

ስልኩ ጠራ። በእጁ ይጻፉ፣ ይጻፉ የሚል ምልክት እያሳያቸው ወጣ።

እትዬ ብሩሽ ጻፉ። ልብ በሉ፣ የታዘዙትን ነው ያደረጉት፤ ከታዘዙት አንዲት ነገር አላጎደሉም። ግን እንዴት አድርገው እንደጻፉት ልንገራችሁ። አርባ መሳቢያ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ካርድ አለ፤ ለድስቱ የፍራሽ፣ ለካውያው የወንበር ካርድ ገልብጠው ቢጽፉ ጀርባው ለማንም ምንም አይናገርም ነበር። እሳቸው ግን ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱን፣ ቅናሽ ያልተጻፈበትን የመጨረሻ ካርድ ፈልገው አወጡ። ድስቱ በድስቱ፣ የስፌት መኪናው በስፌት መኪናው ላይ ተጻፈ። ጥጉ ላይ በእርሳስ የነበረውን ቀንም በቀጭኗ ብሩሽ፣ ያቺ «እስከ» የምትጻፍባት ብሩሽ፣ በጥቁር ቀለም አደመቁት። ዘጠኝ ቀን ፈጀባቸው፤ ወገባቸው እስኪቆረጥ ድረስ ጎንበስ ብለው ሠሩ። ባለቤታቸው ምሳ ሊያደርሱ መጥተው፣ ግንባራቸውን ተመትተው፣ አንዱን ካርድ ገለባብጠው አዩትና ሳቃቸው መጣ። ከዚያም ካርዱን መልሰው አስቀምጠው፣ እኔም መንገዱ እንደተሳሳተ እያወቅሁ ተሳፋሪ ይዤ ሄጄ አላውቅም አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፌርማታ አላነሱም።

የቅናሹ ቀን መደብሩ ጢም ብሎ ሞላ። ቀኑ ሙቅ ስለነበር የጣሪያው ማራገቢያ ሁሉ ተከፈተ፤ አራት መቶ ካርድ በክሩ ላይ ወዲያና ወዲህ መዞር ጀመረ። መጀመሪያ ነገሩ ያጋጠማቸው ዓይናቸው ደከም ያለ አንድ አዛውንት ናቸው። የአልጋ ልብስ ዋጋ ቀስ እያሉ ሲያነቡ ካርዱ ዞረባቸው፤ ቅድም ያነበብኩት የት ሄደ ብለው አጠገባቸው ያለችውን ሴት ጠየቁ። ሴትየዋ ካርዱን ይዛ አዞረችው። በአንዱ ወገን የበፊቱ 1,800፣ የአሁኑ 1,200 ይላል፤ በሌላው ወገን በዚያው እጅ፣ በዚያው ቀለም 1,150፣ ቀኑም ያለፈው ወር። እንደገና አዞረችው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ካርድ እጇን ዘረጋች።

እሳት የተለቀቀ ይመስል ነበር አሉ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሦስቱም ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ካርድ ይገለብጣል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ዕቃውን መልሶ ያስቀምጣል፣ አንዷ ጥጉ ላይ ያለውን ቀን ጮክ ብላ ታነባለች። ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ያለው ሰልፍ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ልብስ ሰፊዋም ክርና ዚፕ ልትገዛ መጥታ ነበር፤ ወሬው ሲደርሳት ወደ ስፌት መኪናዎቹ ሄደች። ካርዱን አዞረችው። 9,200፣ ቀኑ ደግሞ በጥቁር ቀለም። እዛው ቆማ ቀረች።

ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን እየሮጠ ወርዶ የእትዬ ብሩሽ ክፍል ውስጥ ገባ፤ ጣሪያውም እንደማንኛውም ሰው ግንባሩን አለው። ሰውም ተከትሎት በሩ ላይ ተኮለኮለ፤ ልብስ ሰፊዋም መሐላቸው አለች። እጁ ላይ አንድ ካርድ ይዟል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል፣ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ይሰማዋላ። ምን አደረጉኝ አላቸው። አሁኑኑ ሁሉም ካርድ ወርዶ ይስተካከል፣ የተሳሳተው ይጥፋ አላቸው።

እትዬ ብሩሽ ብሩሻቸውን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከሩ። ካርዱን ከእጁ ተቀበሉና አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ አሳዩት።

«እሺ፣ የኔ ልጅ። የተሳሳተው የትኛው ወገን እንደሆነ ንገረኝና እሱን አጠፋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ካርዱን አየ፣ በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው አየ። ይኼኛው ነው ብሎ የድሮውን ዋጋ ቢያሳይ አባቱ በነበሩበት ቤት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ቀን የተጻፈበትን እውነት ውሸት ነው ማለቱ ነው። ያኛው ነው ቢል ደግሞ ቅናሹ ሁሉ አለቀ። ብሩሿ ጫፍ ላይ ያለው ቀለም ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለ። በመጨረሻ ካርዱን ከእሳቸው ወሰደና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ የበፊቱ 1,800 የሚለውን ወገን ወደ ላይ አድርጎ። ከዚያ በሰዉ መሐል አልፎ ወጣ።

እትዬ ብሩሽ ያንን ወገን ዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር ሰረዙት። ከዚያ ቀጣዩን አምጡልኝ አሉ። ዘበኛው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ እነዚያ አዛውንት ሳይቀሩ ካርድ እያወረዱ ያቀብሏቸው ጀመር። ሲመሽ አራት መቶው ካርድ የቀድሞ ፊቱን ለሰው አዙሮ ተሰቅሎ ነበር። ሰዉም እኮ ገዛ፤ ያለቅናሽ፣ በዋጋው ገዛ።

መጨረሻው እንደ ተረት አላማረም፤ እሱንም አልደብቃችሁም። ሥራ አስኪያጁ በሦስተኛው ወር ካርድ የሚያትም ማሽን ገዛና እትዬ ብሩሽን በአክብሮት፣ በስጦታና በእቅፍ አበባ አሰናበታቸው። የቀራቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ስለወጡ ጡረታቸው ተነካ፤ በወር የሚያገኙት ካሰቡት ያነሰ ሆነ። ባለቤታቸው ተበሳጩ፣ እሳቸውም አንድ ሳምንት ምግብ አልበላ አላቸው። ስላዘኑ አዝነዋል ነው የምላችሁ፤ ጀግና አያዝንም ያለው ማነው? ማሽኑ ግን አንድ ነገር አልቻለም። የከተማው ሰው ካርድ ገልብጦ ማየት ለመደ። በዚያ መደብር ብቻ አይደለም፤ ጫማ ቤትም፣ መድኃኒት ቤትም፣ እትዬ ብሩሽን በስም እንኳ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ዋጋ ሲያይ መጀመሪያ ጀርባውን ያያል። ባዶ ሆኖ ሲያገኘው የበፊቱ ስንት ነበር ብሎ ይጠይቃል። ሻጮቹም መልስ ይዘው መጠበቅ ጀምረዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራቸው ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ደጃፉን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። በአዲሱ መኪና ሥራው በዝቶላት መንገድ ዳር ትንሽ ክፍል ተከራይታለች። ብብቷ ሥር ነጭ ካርቶን ይዛለች፣ በልክ የተቆረጠ። ሱሪ ማሳጠር ስንት፣ ዚፕ መቀየር ስንት፣ ሰው ገብቶ ሳይጠይቅ እንዲያየው ፈልጋ ነው። ቁጭ በይ አሏት። ከመደብሩ ይዘዋቸው የመጡትን ብሩሾች ከጓዳ አወጡ፤ እያንዳንዱን ዋጋ ሁለት ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አንብበው፣ እሷ ልክ ነው እስክትል ጠብቀው ጻፉ።

የመጀመሪያው ካርድ እንደደረቀ ልብስ ሰፊዋ አነሳችውና ሳታስበው ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። ያደረገችውን ስታውቅ ደንግጣ፣ ይቅርታ እትዬ፣ ልማድ ሆኖብኝ እንጂ እርስዎንማ ብላ ካርዱን ልታስቀምጠው ስትል እጇን ያዝ አደረጓት።

«ገልብጪ፣ ልጄ። የኔንም ገልብጪ።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ፊቷ ግን እየሳቀ ነው። እትዬ ብሩሽ ካርዱን ከእጇ ተቀበሉ፤ እርሳሳቸውን ፈልገው አገኙና ባዶው ጀርባ ላይ፣ ጥጉ ጋ፣ የዕለቱን ቀን ጻፉበት።